አራቱንም ከበብሁ

ላጲሱን የሰጡኝ ጋሽ አስናቀ ናቸው። አዲስ ነው፤ ከላስቲኩ እንኳ አልወጣም። የፈተና ወረቀቴን ለሁለት አጥፈው ላጲሱን በመሐሉ ሸጎጡና፣ ጀልባዎቹ ከሚታሰሩበት ዋርካ ሥር ጠርተው በእጄ አስጨበጡኝ።

«ሦስቱን ደምስሺና ሰኞ ጠዋት መልሺልኝ» አሉኝ ግራ ቀኝ እያዩ። «ማንም አያይም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ባንቺ።»

ጋሽ አስናቀ ክፉ ሰው አይደሉም። የአስጎብኚዎች ማኅበራችን ሊቀ መንበር ናቸው። ሠላሳ ዓመት በጣና ላይ እንግዳ አመላልሰዋል። እኔ ወደቡ ላይ ዓሣ እየጠበስሁ ስሸጥ «የዚች ሴት እንግሊዝኛ ከእናንተ ይሻላል» ብለው መጀመሪያ ጀልባ ላይ ያሳፈሩኝም እሳቸው ናቸው፤ ይኸው ዘጠኝ ዓመቴ። ግን ደግ ሰው ላጲስ ሲሰጥሽ ከክፉ ሰው ዱላ የበለጠ ያናድዳል። ክፉውን ቢያንስ ሰድበሽው ይወጣልሻል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዘንድሮ ጀምሮ ባጅ የሌለው አስጎብኚ እንግዳ ይዞ ጀልባ ላይ አይወጣም ተባለ። ባጅ የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ፈተና ላለፈ ነው። ፈተናውን የሚያወጣና የሚያርም ግሩም የሚባል ወጣት ከአዲስ አበባ ተቀጠረ። አሥራ ሁለት ሆነን ተቀመጥን፤ አሥራ አንዱ ወንዶች ናቸው። ከሃምሳው ጥያቄ ሠላሳ አምስት የመለሰ ያልፋል። እኔ ሠላሳ አራት አመጣሁ።

በእኛ ወደብ ባጅ በአንገቷ ያንጠለጠለች ሴት እስከ ዛሬ የለችም። «ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ አንቺ ምኑን ልታስጎበኚ ነው?» ይሉኛል ወንዶቹ። ሴት የሚገባበት ደሴትና ገዳም ሞልቷል እላቸዋለሁ። በማይገባበትም ቢሆን ከታች ወደቡ ላይ ቁጭ ብዬ፣ እንግዶቹ አይተው ሲመለሱ ያዩት ምን እንደ ሆነ የምነግራቸው እኔ ነኝ። ውጭ ቁጭ ብሎ መስማት የቆየ ሙያዬ ነው።

ለማለፍ የጎደለችኝ አንዲት ነጥብ አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ናት። ራን የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉም ምንድን ነው ይላል። ሀ፣ ሮጠ። ለ፣ ፈሰሰ። ሐ፣ አስተዳደረ። መ፣ ለምርጫ ተወዳደረ። ከላይ «ትክክለኛውን አንድ መልስ ይክበቡ» የሚል ትእዛዝ አለ። አሥራ አንዱም ወንዶች ሀን ከበቡ። እኔ አራቱንም ከበብሁ።

ትእዛዙ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። እርሳሴን ሀ ላይ አሳርፌ ነበር። ዐይኔ ለ ላይ ሲወርድ ግን ዓባይ ከጣና የሚወጣበት አፍ ትዝ አለኝ፤ እዚያ ላይ እንግዶችን አቁሜ ይህንኑ ቃል ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ! ሐ ላይ ስደርስ ጋሽ አስናቀ ማኅበሩን ሲያስተዳድሩ ታዩኝ። አንዱን ከብቤ ሦስቱን ብተው፣ በገዛ አፌ ስናገረው የኖርሁትን ውሸት ነው ብዬ መፈረም ሆነብኝ። እጄ እምቢ አለ።

ውጤቱ ዓርብ ዕለት ሲለጠፍ ግሩም ዘንድ ገባሁ። ትሑት ልጅ ነው፤ ከወንበሩ ተነሥቶ አስቀመጠኝ።

«ወይዘሮ ባንቺአየሁ፣ ቃሉ ብዙ ትርጉም እንዳለው እኔም አውቃለሁ። ግን ትእዛዙ አንድ ይክበቡ ነው የሚለው» አለኝ።

«እንግዲያ የቀሩት ሦስቱ ስሕተት ናቸው?»

«ለፈተናው ስሕተት ናቸው።»

«ከፈተናው ውጭስ?»

«ከፈተናው ውጭ እኔ አላርምም» አለ። ተነሥቼ ወጣሁ። ጋሽ አስናቀ ላጲሱን ይዘው ተከትለውኝ የወጡት ያን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ ካልተናገርሁ እጄ ለምን እምቢ እንዳለ አይገባችሁም። አባቴ የኔታ መርስዔ ኀዘን የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ነበሩ። ከቁንዝላ ወዲያ ባለች አንዲት የገጠር ደብር ጉባኤ ዘርግተው ሃያ ስምንት ዓመት አስተምረዋል። አሁን ዐይናቸው ስለ ደከመ እኔ ዘንድ ዓባይ ማዶ ይኖራሉ። ልጃቸው ብሆንም እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ነው የምላቸው፤ በቤታችን በሌላ ስም ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም።

በትርጓሜ ቤት ቃል በአንድ ፍቺ አይታለፍም። ተማሪው ያነባል፣ መምህሩ ይፈታል። «አንድም» ይልና ሁለተኛውን ፍቺ ያመጣል፤ ደግሞ «አንድም» ይልና ሦስተኛውን ያስከትላል። ከአባቶች የወረደው ሁሉ ይነገራል፤ ሁለቱ ፍቺዎች ባይስማሙ እንኳ አንዱ አይጣልም። ተማሪ የተማረውን መልሶ ሲያሰማ አንዲቱን አንድም ያስቀረ እንደ ሆነ የኔታ «የማንን ቃል ነው የጣልኸው?» ይሉታል። ረስቶ ያስቀረውም ሰርቆ እንደ ተያዘ ሰው አንገቱን ይደፋል።

ሴት ልጅ ጉባኤ አትቀመጥም። እኔ ከጉባኤ ቤቱ ጀርባ፣ ከጭቃው ግድግዳ ሥር ተቀምጬ ጥጥ እፈትል ነበር። ከስምንት ዓመቴ እስከ አሥራ አራት ዓመቴ እዚያ ነው ያደግሁት። ፈትሌ ለምን እንደሚቆራረጥ ለእናቴ አይገባትም፤ እጄ እንዝርቱ ላይ ነው፣ ጆሮዬ ግድግዳው ላይ። የኔታ በዚያ ዘመን ሲያስተምሩ ይጮኹ ነበር። ተማሪዎቹ ውኃ ሊቀዱ ሲወርዱ «የኔታን ጆሯቸው ሊከዳቸው ነው መሰል፣ ቤቱን በጩኸት ሊያፈርሱት ነው» እየተባባሉ ሲስቁ እሰማለሁ። ለእኔ ግን በጀኝ፤ አንዲት ቃል አታመልጠኝም። በአሥራ አምስት ዓመቴ ባሕር ዳር አክስቴ ቤት ተላክሁ። ትምህርት ቤትም ገባሁ፣ ከተማም ለመድሁ፤ ቂሙ ግን ተከትሎኝ መጣ። ከአባቴ አፍ የወጣውን እንደ ሌባ ለቅሜ ማደጌን አልረሳሁላቸውም።

እንግሊዝኛውን ያጠናሁት ከግሽ ዓባይ ሰፈር አስፋልት ዳር፣ አሮጌ መጽሐፍ ከሚያነጥፉት ሰዎች በገዛሁት ሽፋን የለሽ መዝገበ ቃላት ነው። ራን የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ሦስት ገጽ ሞልቶ አገኘሁት። ብቻዬን ሳቅሁ። ፈረንጅም አንድም አለው ለካ! የማውቀው የጥናት ስልት አንድ ስለ ሆነ በዚያው ስልት ያዝሁት። ጠዋት ጠዋት ድልድዩን በእግሬ ስሻገር «አንድም፣ አንድም» እያልሁ ድምፅ አውጥቼ አጠናለሁ። የባጃጅ ነጂዎች እብድ ናት ይሉኝ ነበር፤ ይበሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወረቀቱንና ላጲሱን ይዤ ቤቴ ገባሁ። የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጓሮ ፀሐይ ይሞቃሉ። አጠገባቸው ዱካ ላይ ተቀመጥሁና ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉኝ። ዐይናቸው ቢደክምም የወረቀት ድምፅ አያመልጣቸውም።

ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ባጁን፣ አሥራ ሰባተኛውን ጥያቄ፣ ላጲሱን። እውነቱን ልናገር፤ «ደምስሺ» እንዲሉኝ ነበር የፈለግሁት። ልጄ ርሆቦት አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። በአርባ አራት ዓመቴ ወደ ዓሣ መጥበሻው መመለስ ያስፈራኛል። እሳቸው «ደምስሺ» ካሉኝ ኃጢአቱ የእኔ አይሆንም ብዬ አሰብሁ።

«ቃሉን በይው» አሉኝ።

«እንግሊዝኛ ነው፣ የኔታ።»

«ቃል አይደለም?»

ተነሥቼ ቆምሁ። ለምን እንደ ቆምሁ አላውቅም፤ ተማሪዎቹ እንዲህ ሲያደርጉ እሰማ ስለ ነበር ይሆናል። 

«ራን አለ፤ ሮጠ ሲል ነው፤ ፈረስ ይሮጣልና። አንድም ፈሰሰ ሲል ነው፤ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ይፈሳልና። አንድም ሠራ ሲል ነው፤ የጀልባ ሞተር ይሠራልና። አንድም አስተዳደረ ሲል ነው፤ ሊቀ መንበር ማኅበሩን ያስተዳድራልና። አንድም ለምርጫ ተወዳደረ ሲል ነው። ተወዳዳሪን ከሯጭ ምን አገናኘው ቢሉ፣ ሁለቱም ለመቅደም ይደክማሉና። አንድም ለቀቀ ሲል ነው፤ ቀለሙ ያልጠና ጥለት ሲታጠብ ይለቅቃልና። አንድም…»

«ቀስ በይ» አሉኝ። «‹ሲል ነው› የሚለውን አትዋጪው። ደግሞ ወደ መጨረሻው ስትደርሺ ድምፅሽ ይወድቃል። የመጨረሻው አንድም ከመጀመሪያው አያንስም። ድገሚው።»

ደገምሁት። ያረሙኝን አርሜ፣ እስከ መጨረሻው አወረድሁት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህቺን እርማት ስጠብቅ እንደ ኖርሁ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ደስ ብሎኝ ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም።

«ማን አስተማረሽ?» አሉኝ።

«ግድግዳዎ!» አልሁ፤ ቂሜ ተነሣ። «ስድስት ዓመት ከግድግዳዎ ጀርባ ተቀምጫለሁ። ብርድ መታኝ፣ ዝናብ መታኝ። የሰው ልጆች ገብተው ሲቀመጡ የእርስዎ ልጅ ውጭ ሆና ትለቅም ነበር። እርስዎ ግን ይህን አያውቁትም።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን ያውቃሉ?»

«እንዝርትሽ ሲወድቅ ይሰማኝ ነበር» አሉ። «ጆሮዬ ያን ጊዜ ደኅና ነበር፣ ባንቺአየሁ፤ ዛሬም ደኅና ነው። ወንበሬን ወደ ግድግዳው ያስጠጋሁት ለማን ይመስልሻል? ያ ሁሉ ጩኸትስ? ከፊቴ የተቀመጡትማ በሹክሹክታም ይሰሙኝ ነበር።»

ዱካው ላይ ተመልሼ ዘፍ አልሁ። ተማሪዎቹ ይስቁበት የነበረው ጩኸት ለእኔ ነበር ማለት ነው። አባቴ ስድስት ዓመት ያስተማሩኝ እያወቁ ነው ማለት ነው። ሊያቅፉኝ እጃቸውን ሲዘረጉ ግን እኔ አልተጠጋሁም።

«እንግዲያ ገብተሽ ተቀመጪ ያላሉኝ ለምንድን ነው?»

«ፈራሁ» አሉ፤ ሳያስውቡ፣ ሳያመካኙ። «የደብሩን አለቃ ፈራሁ። ‹ጉባኤ ቤቱን የሴት መዋያ አደረገው› የሚለውን አፍ ፈራሁ። ተማሪው ጥሎኝ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። ጮኼ በማስተማሬ ደፋር የሆንሁ መስሎኝ ነበር። ግማሽ ድፍረት ነበር። በሩን መክፈት ይገባኝ ነበር፤ አልከፈትሁም።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥሁት። የሰማንያ ዓመት መምህር ልጁ ፊት ፈራሁ ሲል ቀላል አይደለም።

ደግመው እጃቸውን ዘረጉ። «ያን ላጲስ ወዲህ በይ።»

ሰጠኋቸው። በጣታቸው ዳበሱት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት።

«ያን ጊዜ ለእኔም እንዲህ ያለ ነገር ሰጥተውኝ ነበር። እኔ ተቀበልሁ» አሉና በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩት። «ይህ እኔ ዘንድ ይቆይ። ወረቀቱን ግን አንቺ እንደ ወደድሽ አድርጊው። እኔ አድርጊም አታድርጊም አልልሽም።»

እንዲህ ናቸው የኔታ። ኃጢአቱን ላሸክማቸው ሄጄ መልሰው አሸከሙኝ።

ቤት ገብቼ ከርሆቦት ቦርሳ ሰማያዊ እስክሪብቶ አወጣሁ። አራቱንም ክብ በእርሳሱ ላይ ደግሜ ከበብኋቸው። መ ላይ ስደርስ ጠንክሬ ስለ ተጫንሁ ወረቀቱ ተበሳ። ከዚህ በኋላ የአገር ላጲስ ቢሰበሰብ አያጠፋውም። ፍርሃቴ ግን አልጠፋም።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮ ገባሁ። ጋሽ አስናቀና ግሩም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ አሥራ አንድ ባጅ ተደርድሯል፤ አሥራ ሁለተኛው ባዶ ላስቲክ ነው። ጋሽ አስናቀ ለእኔ እንዳስቀመጡት አወቅሁ፤ አንጀቴን በላኝ። ወረቀቱን ዘርግቼ አስቀመጥሁ።

ጋሽ አስናቀ ሰማያዊውን ቀለም ሲያዩ ግንባራቸውን ያዙ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ግሩም።

«መልሴ ነው። እርሳሱ ደብዝዞ ነበር፤ አጎላሁት።»

«ወረቀቱ እንዴት እጅዎ ገባ?»

ጋሽ አስናቀ ቀና ብለው አዩኝ። «እጄ ገባ» አልሁ፤ ስለ ላጲሱም ትንፍሽ አላልሁም። ዝም ያልሁት ስለ ፈራሁ አይደለም፤ የዘጠኝ ዓመት እንጀራ ስላበሉኝ ነው።

ግሩም ወረቀቱን አገላብጦ አየው። «አሁንም ሠላሳ አራት ነው» አለ።

«ይሁን።»

«ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ፈተና አለ። ያኔ አንድ ይክበቡና ይለፉ።»

«አንድ ትክክል ካለ አንድ እከብባለሁ። አራት ትክክል ካለ አራት እከብባለሁ።»

«ያኔም ይወድቃሉ።»

«ያኔም እወድቃለሁ። አንተም ያኔ ደግመህ ትጥለኛለህ። ማን ቀድሞ እንደሚደክመው እናያለን።»

«አንድ ነጥብ እኮ ናት፣ ወይዘሮ ባንቺአየሁ!» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ንዴት ብቻ አልነበረም። «ሰው ለአንድ ነጥብ እንጀራውን ይተዋል?»

«አንዱን ክበቢ ስትለኝ ሦስቱን ጣዪ ማለትህ ነው። የማንን ቃል ልጣል?» አልሁት።

 መልሱን ሳልጠብቅ ወጣሁ። በዚያው ረፋድ አሥራ አንዱ ወንዶች ባጃቸውን እያንጠለጠሉ ወደ ጀልባቸው ወረዱ። ከነሱ ሁለቱ ስለ ዘጌ አብያተ ክርስቲያናት እንግዳ ሲጠይቃቸው ሁልጊዜ ወደ እኔ ዞረው «ምን ልበለው?» የሚሉኝ ናቸው። አመመኝ። አላመመኝም ብል ዋሸሁ።

ማክሰኞ ዕለት የዓሣ መጥበሻዬን አላወጣሁም። ያወጣሁት መዝገበ ቃላቴን ነው። የማኅበሩ ቢሮ ግድግዳ ጣውላ ነው፤ ከጀርባው በሐይቁ በኩል ጥላ አለ። እዚያ ማዳበሪያ አነጠፍሁና ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ተቀመጥሁ። ከፊቴ ሦስት ሴቶች አስቀመጥሁ፤ ከደንገል ትንንሽ ታንኳ እየሠራች ለእንግዳ የምትሸጠውን እናትዓለምን፣ ዓሣ የምትጠብሰውን ፀደንያን፣ ጀልባ የምታጥበውን ወለተ ሥላሴን። ስንት ዘመን «አስተምሪን» ሲሉኝ ጊዜ የለኝም እያልሁ አልፌያቸዋለሁ። ያለ ባጅ ጀልባ ላይ አትውጪ ተብያለሁ፤ ያለ ባጅ አታስተምሪ ያለኝ የለም። የመጀመሪያው ቃላችን የትኛው እንደ ነበር መናገር አያስፈልገኝም።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ አስናቀ በግድግዳው ጥግ ብቅ አሉ።

«ባንቺ፣ ምን ያስጮህሻል? ሦስት ሴቶች አፍንጫሽ ሥር ተቀምጠው! ግሩም ቢሮው ውስጥ ሥራ መሥራት አልቻለም። ወይስ ጆሮሽ ደከመ?»

«ጆሮዬ ደኅና ነው፣ ጋሽ አስናቀ።»

ራሳቸውን እየነቀነቁ ወደ ጀልባዎቹ ወረዱ። እኔ ካቆምሁበት ቀጠልሁ። ወለተ ሥላሴ ለቀቀ የሚለውን አስቀርታ ዘለለች። «የማንን ቃል ነው የጣልሽው?» አልኋት፤ ሳቀችና መለሰችው። ይህን ጊዜ ከግድግዳው ወዲያ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ቀስ ብሎ፣ እንዳይሰማ ተጠንቅቆ መጣና በጣውላው ማዶ፣ ልክ በጀርባዬ ትይዩ ቆመ። ቀጥሎ እርሳስ ወረቀት ላይ ሲጫር ተሰማኝ።

ድምፄን ከፍ ላደርግለት አሰብሁ። አፌን ከከፈትሁ በኋላ ግን የኔታ ትዝ አሉኝ። በክርኔ ጣውላውን ሁለት ጊዜ መታሁት።

«ማን እንደ ሆንህ አላውቅም!» አልሁ። «ወንበርህን ይዘህ በዚህ በኩል ዙርና ከፊቴ ተቀመጥ። እኔ ዘንድ ከግድግዳ ጀርባ ማንም አይማርም!»

 እርሳሱ መጫሩን ተወ። ቆይቶ የቢሮው በር ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ፣ የወንበር እግርም ጠጠሩ ላይ እየተጎተተ መጣ። ቀና ብዬ አላየሁም። መዝገበ ቃላቱን ወደ ኋላ ገልጬ፣ አዲስ ለመጣው ስል ከመጀመሪያው ጀመርሁ።

«ራን አለ» አልሁ።